አምስት ደቂቃ የሚበቃው ክፍል፦ በአዲስ አበባ ዳር ላለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተቀያያሪ ቤተ መጻሕፍት እንዴት ይደራጃል?

ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ ወይም ጀሞ ካለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብታችሁ ቤተ መጻሕፍቱን አሳዩን ብትሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ የምታዩት ተመሳሳይ ነው፦ በብሎኩ ጫፍ ያለ መማሪያ ክፍል፣ ስድስት ሰው ካልተረባረበ የማይነቃነቅ ረጅም ጠረጴዛ፣ በፍርግርግ የታጠረ መስኮት፣ ከባንኮኒ ጀርባ የተቆለፈ መደርደሪያ። ከዚህ ክፍል የሚፈለገው አገልግሎት ግን ብዙ ነው። ፈረቃው ያልደረሰ ተማሪ ያነብበታል፤ የባዮሎጂ መምህሯ 60 ተማሪ ይዛ ትገባበታለች፤ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ተሰባስበው ጥያቄ ይሠሩበታል፤ ሚኒ ሚዲያው ይለማመድበታል፤ ቅዳሜ የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረቱ ይሰበሰብበታል። አዲስ ሕንፃ እንጠብቅ ያለ ትምህርት ቤት ብዙ ዓመት ይጠብቃል። ያለውን ክፍል ግን በአንድ ዓመት መለወጥ ይቻላል።

በዚህ መመሪያ ውስጥ መለኪያው አንድ ነው፦ በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል ባለችው አምስት ደቂቃ፣ ስድስት ተማሪዎች ዘበኛም ሆነ አናጢ ሳይጠሩ ክፍሉን ከንባብ ወደ ትምህርት፣ ከትምህርት ወደ ስብሰባ ሊቀይሩት ይችላሉ ወይ? የሚገዛው ዕቃም ሆነ የሚወጣው ደንብ ይህን ፈተና ካላለፈ ይቅር።

1. መጀመሪያ ቁልፉ

ብዙ ሰው ከጠረጴዛ ይጀምራል። እኔ ከንብረት ኃላፊነት ጀምሩ እላለሁ። መጽሐፍ ከጠፋ ከደመወዜ ይቆረጣል ብላ የምትሰጋ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ መደርደሪያውን ብትቆልፍ ማንም ሊፈርድባት አይገባም። ጎማ ያለው መደርደሪያ፣ ውብ ቀለም፣ ምቹ ወንበር ብታስገቡላትም መልሳ ባንኮኒ ታቆምበታለች። ስለዚህ ከሜትርና ከእርሳስ በፊት የሚያስፈልገው ቃለ ጉባኤ ነው።

ርዕሰ መምህሩ፣ የንብረት ክፍሉ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋና የኅብረቱ ተወካይ ባሉበት ንብረቱን በሦስት ክፈሉት። የመጀመሪያው እንደ ኮምፒውተር፣ ፕሮጀክተርና ውድ ማጣቀሻ መጽሐፍ ያለው ነው፤ ይቆለፍ፣ በስም ይመዝገብ። ሁለተኛው በክፍት መደርደሪያ የሚቀመጠው መጽሐፍ ነው። ከሱ በየዓመቱ ጥቂት እንደሚጠፋና እንደሚቀደድ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ከ100 መጽሐፍ 3 ቢጠፋ የአገልግሎት ወጪ ነው፣ ከዚያ ካለፈ ግን ይጣራል ብላችሁ ቁጥሩን ጻፉ። ሦስተኛው መጽሔት፣ የቆየ የፈተና ወረቀት፣ በቋሚ ንብረትነት የማይመዘገብ ትንንሽ መጽሐፍ ነው፤ ተነቦ ቢያልቅ ደስ ይበላችሁ። የተስማማችሁበትን ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና ለፋይናንስ በደብዳቤ አሳውቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ጠይቁ። የቃል ስምምነት ርዕሰ መምህር ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

በዚሁ ስብሰባ የልገሳውን ጉዳይ ጨርሱት። በካርቶን የሚመጣ መጽሐፍ ሁሉ ጠቃሚ አይደለም። ያረጀ የሶፍትዌር መማሪያና የሌላ አገር የግብር ሕግ አብሮ ይመጣል። አንዴ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ከተቆረጠለት በኋላ ለማስወገድ ኮሚቴና ደብዳቤ ይጠይቃል፣ እስከዚያው ግን መደርደሪያውን ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ ልገሳ ከመመዝገቡ በፊት በር ላይ ይመረጥ፤ የማይፈለገው ከምስጋና ጋር ይመለስ።

2. ሳትነኩት አንድ ሳምንት እዩት

ፍሊፕ ቻርት ላይ ሠንጠረዥ ሥሩ። ወደ ታች ክፍለ ጊዜዎቹን፣ የሁለቱንም ፈረቃ፣ ጻፉ፤ ወደ ጎን ደግሞ ብቻውን የሚያነብ፣ ተዋሶ የሚሄድ፣ በቡድን የሚሠራ፣ መምህር ይዞት የመጣ፣ መቀመጫ ፍለጋ ብቻ የገባ። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየክፍለ ጊዜው አንድ ተማሪ ይቁጠር። አብዛኛውን ጊዜ የሚገርመው የመጨረሻው ዓምድ ነው።

ተማሪዎቹን «ምን እንዲኖር ትፈልጋላችሁ?» ብትሏቸው ዋይፋይና ሶፋ ይሏችኋል። «ባለፈው ፈተና የት ነበር ያጠናችሁት?» በሏቸው። አንዱ የቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ሌላው መስጊድ፣ ሌላዋ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ትላችኋለች። ለምን እንደመረጡት ሲነግሯችሁ ምን ዓይነት ክፍል እንደሚያስፈልጋቸው ይገባችኋል፦ ጸጥታ፣ ብርሃን፣ የማያስነሣ መቀመጫ። ዘበኛውንና የጽዳት ሠራተኛዋንም ጠይቁ። ጣራው የት እንደሚያፈስ፣ የትኛው ሶኬት እንደሚያቃጥል፣ ተማሪ በየትኛው መስኮት እንደሚዘል ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

3. የት ይሁን?

ምድር ላይ ያለ ክፍል ይሁን። ምክንያቱ ክብደት ነው። መሐንዲሶች ለመማሪያ ክፍል ወለል የሚያስቡት ጭነት በካሬ ሜትር 300 ኪሎ ገደማ ነው፤ ለመጻሕፍት ማከማቻ ግን 750 ኪሎ አካባቢ ያስባሉ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለክፍል ተብሎ የተሠራን ወለል በመደርደሪያ መሙላት ያለ መሐንዲስ ፊርማ አይሞከርም። ምድር ላይ ሲሆን በክራንች ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ተማሪም ይገባል። በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል። መወጣጫው ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ይርዘም፤ በሩ 90 ሳንቲ ሜትር ይስፋ።

ከግቢው መግቢያ ብዙ ባይርቅ ይመረጣል። ቅዳሜ ሌላው ብሎክ ተቆልፎ ቤተ መጻሕፍቱ ብቻ ክፍት መሆን ከቻለ አንድ ዘበኛ ይበቃዋል። መፀዳጃ ቤቱም ቅርብ ይሁን። መንገዱ ጨለማና ሩቅ ከሆነ ሴት ተማሪዎች ከ11 ሰዓት በኋላ አይቆዩም፣ ክፍሉ ምንም ያህል ቢያምር።

ጎን ለጎን ያሉ ሦስት ክፍሎችን ማገናኘት ጥሩ መፍትሔ ነው። ግን የብሎኬት ግድግዳ ሁሉ አንድ አይደለም። በአርማታ አምድና ቢም መካከል የተሞላ ከሆነ ሊነሣ ይችላል፤ ጣራውን ራሱ የተሸከመ ከሆነ አይነካም። ይህን የሚወስነው መዶሻ የያዘው ግንበኛ ሳይሆን መሐንዲስ ነው።

በአቃቂ፣ በቱሉ ዲምቱና በቦሌ አራብሳ በኩል ሌላ ጣጣ አለ፦ ጥቁር መረሬ አፈር። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ላዩ ላይ የተሠራው ወለል አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል። ከመስኮት ጥግ ሰያፍ የወጣ ስንጥቅ ወይም መሃሉ ያበጠ ሊሾ ካያችሁ ሴራሚክ ከማንጠፋችሁ በፊት የጣራው ውሃ የት እንደሚወርድ ተመልከቱ። አሸንዳና ከግድግዳው የሚያርቅ የጎርፍ ቦይ ሳይሠራ የሚፈሰው የወለል ገንዘብ ባክኖ ይቀራል።

4. ሒሳቡን ሥሩ፣ ከዚያ በጠመኔ ወለሉ ላይ ሳሉት

ሦስት ክፍል ተገናኝቶ 8 በ21 ሜትር፣ ማለትም 168 ካሬ ሜትር አገኛችሁ እንበል። ለመደርደሪያና ለመተላለፊያው 35፣ ለሠራተኛዋ ጠረጴዛ 10፣ ለመግቢያው 10 ካሬ ቢሄድ 113 ይቀራል። ጠረጴዛ ይዞ ለሚያነብ ሰው ከነመተላለፊያው 2.5 ካሬ ሜትር ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ 45 አንባቢ በምቾት ይቀመጣል። የ60 ተማሪ ክፍል ሲመጣስ? ሁሉንም በጠረጴዛ ማስቀመጥ አይሞከርም። ያለ ጠረጴዛ በወንበር ብቻ ግን ለአንድ ሰው 1 ካሬ ሜትር ይበቃል፤ 60 ካሬው ለክፍሉ ሄዶ በቀረው 53 ካሬ ላይ 21 አንባቢ ሳይነሣ ማንበቡን ይቀጥላል። የተቀያያሪ ክፍል ጥቅም ይኸው ነው።

ዲዛይኑን በ1 ለ50 መጠን በወፍራም ካርቶን ሥሩ፤ ጠረጴዛዎቹን ቆራርጣችሁ አንቀሳቅሷቸው። ይህ የሥዕል መምህሩና የተማሪዎች ሥራ ይሁን። ከዚያ እውነተኛውን ክፍል ባዶ አድርጋችሁ በጠመኔ ልክ በልኩ ወለሉ ላይ ሳሉትና ሂዱበት። በመደርደሪያ መካከል ከ90 ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ፣ ዋናው መተላለፊያ 1.20 ሜትር፣ ተሽከርካሪ ወንበር ዞሮ የሚመለስበት ቢያንስ አንድ ቦታ 1.50 በ1.50 ሜትር ይሁን።

በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም አራት ኪሎ አካባቢ የተከፈተውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍትን ጎብኝቶ የተመለሰ ኮሚቴ ያንን ከፍታና ያንን መስታወት መመኘቱ አይቀርም። ሄዳችሁ እዩት፣ ግን ስታዩት ሰው የት መቀመጥ እንደሚመርጥ ተመልከቱ፤ ጥግ፣ መስኮት ዳር፣ ጀርባን ግድግዳ ላይ አስደግፎ። ይህ ምርጫ 168 ካሬ ውስጥም ይሠራል።

5. ከጫጫታ ወደ ዝምታ

ክፍሉን በግድግዳ አትከፋፍሉት፣ በርቀት ክፈሉት። በሩ አጠገብ መዋስ፣ መመለስ፣ ጋዜጣ ማገላበጥና መነጋገር ይሁን። መሃሉ የቡድን ሥራና የክፍል ትምህርት። ሩቁ ጫፍ ዝምታ። የሠራተኛዋ ጠረጴዛ በሩ ላይ ፊት ለፊት አይቆምም፤ ከጎን ግድግዳ ሆኖ በሩንም ጫፉንም እንዲያይ ይሁን። በመሃል የሚቆም መደርደሪያ ከ1.20 ሜትር ከፍ ካላለ ከዓይን የሚሰወር ጥግ አይኖርም፤ ይህ ለመጽሐፍም ለልጆችም ደኅንነት ነው።

መሃሉን ባዶ ተዉት። ይህ ከሁሉ ይልቅ የሚያከራክር ነጥብ ነው፤ ለጉብኝት የመጣ ኃላፊ ባዶ ወለል ሲያይ ያልተጠቀማችሁበት ይመስለዋልና «እዚህ ላይ መደርደሪያ ቢጨመር» ይላል። አትስሙት። ያ ባዶ ቦታ የ60 ተማሪው ክፍል ነው።

ቦርሳ መግቢያ ላይ የሚቀር ከሆነ ቁጥር የተጻፈበት ክፍት ሣጥን በረንዳው ላይ፣ ዘበኛው በሚያይበት፣ አስቀምጡ። የ60 ቦርሳ ክምር በር ከዘጋ አምስት ደቂቃው እዚያው ያልቃል። በር ካነሣን ዘንድ፦ ወደ ውጭ የሚከፈቱ ሁለት በሮች ይኑሩ፤ ፍርግርግ ከገባላቸው መስኮቶችም ቢያንስ ሁለቱ ያለ ቁልፍ ከውስጥ የሚከፈቱ ይሁኑ። ሰው ውስጥ እያለ ጓጉንቸር አይገባም።

6. ብርሃን፣ ዝናብ፣ ጭቃ፣ አቧራ

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ በቀትር ከአናት ብዙ አትርቅም፤ ሰኔ ላይ ትንሽ ወደ ሰሜን፣ ታኅሣሥ ላይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ በሰሜንና በደቡብ ያሉ መስኮቶችን 80 ሳንቲ ሜትር የወጣ ክፈፍ ይበቃቸዋል። የምዕራቡ መስኮት ግን ከ9 ሰዓት በኋላ ዓይን ያጠፋል፤ መጋረጃ ወይም ውጭ ላይ ዛፍ ይፈልጋል። የምሥራቁን አትዝጉት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ያ ፀሐይ ለቀዘቀዘ ክፍል ማሞቂያ ነው። የተፈጥሮ ብርሃን ደኅና ሆኖ የሚገባው የመስኮቱን አናት ከፍታ ሁለት እጥፍ ያህል ነው። አናቱ 2.40 ሜትር ከሆነ 5 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ 8 ሜትር ስፋት ያለው ክፍል በሁለቱም በኩል መስኮት ካለው ይበቃዋል። መደርደሪያ ከመስኮቱ ጋር ትይዩ ከቆመ ብርሃኑን ይከልላል፤ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ አቁሙት።

ቆርቆሮ ጣራ ሥር በሰኔ ዝናብ መምህር ቢጮህም አይሰማም። በረዶ ሲጨመር ደግሞ ነገሩ ያበቃል። ኮርኒስ አሠሩ፣ ከቆርቆሮውም ጋር ሰፊ ክፍተት ይኑረው፤ አቅም ካለ በላዩ የመስታወት ሱፍ ይነጠፍ። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ በብዙ ስቱዲዮ ይታያል፤ ድምፅ የመዋጥ ችሎታው ትንሽ ነው፣ እሳት ግን ይወዳል። ስፖንጅም እንዲሁ። ወፍራም መጋረጃ፣ በጨርቅ የተሸፈነ ማስታወቂያ ሰሌዳና በመጽሐፍ የተሞላ የግድግዳ መደርደሪያ የተሻለ ይሠራሉ።

ጭቃውን በር ላይ አስቁሙት፦ የብረት ጫማ መጥረጊያ፣ ከዚያ ቢያንስ 1.5 ሜትር በረንዳ፣ ከዚያ ሸካራ ምንጣፍ። ለበጋው አቧራ ደግሞ የኮምፒውተሮቹ ጠረጴዛ ከመንገድ ከሚያዋስነው መስኮት ይራቅ። ጠመኔም አይግባ፤ ነጭ ሰሌዳ ይሁን።

7. ኤሌክትሪክና ኢንተርኔት

ሶኬት ወለል ላይ አይተከልም፤ ወለላችን በውሃ ነው የሚታጠበው። በግድግዳው ዙሪያ በየ2 ሜትር ትከሉ፣ ከወለል 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይሁን። የቤተ መጻሕፍቱ መስመር የራሱ ብሬከር፣ የራሱ የመሬት ሽቦ ይኑረው።

መብራት ሲጠፋ ምን ይቀጥል የሚለውን አሁን ወስኑ። 20 ዴስክቶፕ እያንዳንዱ 150 ዋት ቢበላ 3 ኪሎ ዋት ነው፤ በባትሪ ልያዘው ማለት ገንዘብ ማቃጠል ነው። 12 ባለ 18 ዋት ኤልኢዲ አምፖሎች ግን 216 ዋት ብቻ ይፈልጋሉ። ራውተርና ትንሽ ሰርቨር ሲጨመር 250 ዋት፣ ለአራት ሰዓት 1 ኪሎ ዋት ሰዓት። ባለ 12 ቮልት 200 አምፒር ሰዓት የሆነ የእርሳስ ባትሪ 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዲረዝም ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙ እንኳ 1.2 ይቀራል፣ ይበቃል። ኢንቨርተሩን ለብርሃኑና ለሰርቨሩ ብቻ አገናኙ። ኮምፒውተር መግዛት ካለባችሁም ላፕቶፕ ይሁን፤ የራሱን ባትሪ ይዞ ይመጣል፣ ጠረጴዛም አይዝም።

ኢንተርኔት ቢቆራረጥም ትምህርት እንዳይቆም ኮሊብሪና ኪዊክስ የተባሉትን ነፃ ሶፍትዌሮች አንድ አነስተኛ ኮምፒውተር ላይ ጫኑ። የመጀመሪያው የትምህርት ቪዲዮና መልመጃ፣ ሁለተኛው ዊኪፒዲያን ከነሥዕሉ ያለ ኢንተርኔት በዋይፋይ ያሰራጫል። እንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ሙሉውን በ256 ጊጋባይት ማስቀመጫ ላይ ይገባል። ስልክ በማይፈቀድበት ትምህርት ቤት ይህ ሰርቨር የሚጠቅመው ላፕቶፕ ወይም ታብሌት ካለ ነው፤ ያለሱ ሣጥን ብቻ ነው።

8. ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ መደርደሪያ

ጠረጴዛው 60 በ120 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ ሁለት ሰው የሚይዝ። ሁለቱ ሲገጠሙ 120 በ120 ሆኖ ለአራት ሰው የቡድን ሥራ ይሆናል፤ ሲደረደሩ የስብሰባ ጠረጴዛ፤ ግድግዳ ሲጠጉ ማሳያ። ሥዕል ላይ የሚያምረው ባለ ስድስት ጎን የሚሆን ጠረጴዛ አራት ማዕዘን ክፍል ውስጥ ጥግ ያባክናል፣ ሲደረደርም አይገጥምም። ከፍታው 74 ሳንቲ ሜትር፣ እግሩ ባለ 25 በ25 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ፣ የብረቱ ውፍረት 1.5 ሚሊ ሜትር፣ ገጹ 18 ሚሊ ሜትር ቺፑድ ከነጠርዙ የተለበጠ። ያልተለበጠ ጠርዝ በአንድ ክረምት እርጥበት ያብጣል። ሁለት የ9ኛ ክፍል ልጆች ሳይጨነቁ ማንሣት ካልቻሉ ከብዷል። የእግሩ ጫፍ ላይ የጎማ ቆብ ይግባ፤ ካልገባ ወለሉ ይፋቃል፣ ሲጎተትም ጩኸቱ ሦስት ክፍል አልፎ ይሰማል።

ለጠረጴዛ ጎማ ተሽከርካሪ አልመክርም። ርካሹ ተሽከርካሪ በሸካራ ሊሾ ላይ ዓመት አይቆይም፣ የማይቆለፍ ከሆነ ደግሞ ተማሪ ሲጽፍ ይሸሻል። ተሽከርካሪ ለሁለት ነገር ብቻ ይሁን፦ ለሰሌዳና ለመካከለኛ መደርደሪያ። ሰሌዳው 1.20 በ1.80 ሜትር፣ በአንድ በኩል ነጭ፣ በሌላ በኩል ጨርቅ ይሁን፤ አራት ሰሌዳ ካላችሁ በሁለት ደቂቃ ጊዜያዊ ግድግዳ ይሆናል።

ለተንቀሳቃሹ መደርደሪያ ሒሳብ ያስፈልጋል። ወርዱ 90፣ ጥልቀቱ በሁለቱ ወገን ተደምሮ 60፣ ከፍታው 120 ሳንቲ ሜትር፣ በእያንዳንዱ ወገን ሦስት ደረጃ ነው እንበል። አንድ ሜትር ሙሉ መጽሐፍ 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ስድስት ደረጃ በ0.9 ሜትር ሲባዛ 162 ኪሎ፣ ከነብረቱ 200 ኪሎ ይጠጋል። ወለሉ ጠፍጣፋ ካልሆነ ክብደቱን ሦስት ጎማ ብቻ ይሸከመዋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ጎማ 100 ኪሎ የሚችል፣ የክቡ ስፋት (ዲያሜትሩ) ከ75 ሚሊ ሜትር የማያንስ፣ ሁለቱ ፍሬን ያላቸው ይሁኑ። ከፍታው የጥልቀቱን እጥፍ እንዳያልፍ፣ ያለዚያ ሲገፋ ይገለበጣል። ከባዱ መጽሐፍ ታች ይቀመጥ። የግድግዳው መደርደሪያ እስከ 1.80 ሜትር ሊሄድ ይችላል፣ ግን በቡሎን ከግድግዳው ይታሰር፤ ቺፑድ ከሆነ ያለ ድጋፍ ከ80 ሳንቲ ሜትር አይርዘም፣ መሃሉ ይጎብጣል።

ወንበር ተደራራቢ ይሁን። የፕላስቲኩ ርካሽ ነው፣ ይሰበራልም፤ የብረት እግር ያለው ይከብዳል፣ ግን ይቆያል። እኔ ከሁለቱ ቀላቅሉ እላለሁ፦ ለአንባቢው የብረቱ፣ ለክፍልና ለስብሰባ የፕላስቲኩ፣ አሥር አሥር እየተደራረበ ጥግ የሚቆም። በመስኮቱ ሥር ቋሚ አግዳሚ ገንቡ፤ ከፍታው 45 ሳንቲ ሜትር፣ ውስጡ ዕቃ ማስቀመጫ። ተማሪ ቀድሞ የሚይዘው እሱን ነው።

9. መጻሕፍቱ

መማሪያ መጻሕፍትን በክፍልና በትምህርት ዓይነት አስቀምጡ፤ ተማሪ የሚፈልጋቸው «የ11ኛ ፊዚክስ» ብሎ ነው። ሌላውን ዲዊ በተባለው የመጻሕፍት መለያ ቁጥር አሥር ክፍሎች አደራጁ፣ ቁጥሩ ላይ ግን አትጨነቁ። እስከ ጥቂት ሺህ መጽሐፍ ድረስ 500 ሳይንስ፣ 600 ቴክኖሎጂ፣ 800 ሥነ ጽሑፍ፣ 900 ታሪክና ጂኦግራፊ እያሉ በቀለም ወረቀት መለየት ይበቃል። የአማርኛ፣ የአፋን ኦሮሞና የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ጎን ለጎን ይቁም፤ በከተማ ዳር ክፍል ውስጥ ሁለቱንም ወይም ሦስቱንም የሚያነብ ልጅ ብዙ ነው።

የአማርኛ ካታሎግ ሁለት ወጥመድ አለው። አንደኛው ስም ነው። ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር የአባትን ስም ያስቀድማል፤ እኛ ግን አበበ ከበደን የምንፈልገው «አ» ሥር ነው። በነፃ የሚገኘውን የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ኮሃን ብትጠቀሙም ሆነ ኤክሴልን፣ ሙሉውን ስም በአንድ ሣጥን ውስጥ እንዳለ ጻፉት። ሁለተኛው ሞክሼ ፊደላት ናቸው። አንዱ «ሥነ» ብሎ፣ ሌላው «ስነ» ብሎ ይመዘግባል፤ ሦስተኛው ሰው ሲፈልግ አያገኘውም። የሽፋኑን አጻጻፍ ሳትነኩ «መፈለጊያ» የሚል ዓምድ ጨምሩና እዚያ ላይ ሐንና ኀን በሀ፣ ሠን በሰ፣ ዐን በአ፣ ፀን በጸ ብቻ ጻፉ። መዝገብ ላይም ዓመት ስትጽፉ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መሆኑን ለዩ፤ 2008 ብቻ የተባለ መጽሐፍ አሮጌም አዲስም ሊሆን ይችላል።

10. ግዥው፣ በወራት

መጀመሪያ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበርና አንድ መደርደሪያ ብቻ ከብየዳ ቤት አሠሩና ለአንድ ወር ለተማሪ ስጡት። ምን እንደተሰበረ እዩ፣ ከዚያ ብዛቱን እዘዙ። ሦስት ፕሮፎርማ ስትሰበስቡ ዝርዝሩ «የተማሪ ጠረጴዛ፣ ጥራት ያለው» ከሆነ ዝቅተኛውን ዋጋ የሚሰጠው ስስ ብረት የሚያመጣው ነው፤ ሕጉም እሱን ምረጡ ይላችኋል። የብረቱን ውፍረት በሚሊ ሜትር፣ የቺፑዱን፣ የጠርዙን፣ የጎማውን የመሸከም አቅም፣ የብየዳውን ዓይነት ጻፉ፤ «ከቀረበው ናሙና ጋር የሚመሳሰል» ብላችሁ ናሙናውን ግቢ ውስጥ አቆዩት።

የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያልተጠቀሙበት ይመለሳል። ስለዚህ ቆጠራውና ቃለ ጉባኤው በጥቅምትና በኅዳር፣ ናሙናው በጥር፣ የዋጋ መጠየቂያው በመጋቢት፣ ርክክቡ በግንቦት ይሁን። የኤሌክትሪክ መስመር፣ ኮርኒስና ቀለም ሐምሌና ነሐሴ ተማሪ በሌለበት ይሠራል፤ ዘይት ቀለም በክረምት ቶሎ ስለማይደርቅ ቀኑን አታጣቡት። የጎርፍ ቦዩ ግን ክረምቱን አይጠብቅም፣ ግንቦት ሳያልቅ ይቆፈር። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ ባንኮኒውን ማንሣት፣ ብርሃን፣ ጠረጴዛና ወንበር፣ ሰሌዳ፣ መደርደሪያ፣ ባትሪ፣ ከሁሉም በኋላ ኮምፒውተር። ብዙ ቦታ የሚደረገው በተቃራኒው ነው፤ ኮምፒውተሩ ለምርቃት ፎቶ ስለሚያምር ይቀድማል።

መስከረም ላይ ሦስቱን አቀማመጦች፣ ንባብ፣ ክፍልና ስብሰባ፣ በትልቅ ወረቀት ስላችሁ በሩ አጠገብ ለጥፉ። ወለሉ ላይም የጠረጴዛ እግር የሚያርፍበትን በሦስት ቀለም ነጥብ ምልክት አድርጉ። ከየክፍሉ ሁለት ሁለት ተማሪ የቤተ መጻሕፍት ክበብ አባል ይሁን፣ ግማሹ ከጠዋት ፈረቃ፣ ግማሹ ከከሰዓት። በመጀመሪያው ሳምንት ሰዓት ይዛችሁ አለማምዷቸው። ከአምስት ደቂቃ በላይ ከወሰደ ልጆቹን አትቆጡ፤ የትኛው ዕቃ እንዳዘገያቸው ጠይቁና እሱን ከክፍሉ አውጡት።